ራምቦ በሐረር፤ ያለ ማስረጃ የተፈረደበት ሕመምተኛ

ለአንድ የውርስ ክርክር ሐረር ወርጄ ሳለ ችሎቱ ለከሰዓት በኋላ ተሸጋገረና ሳላስበው ግማሽ ቀን ተረፈኝ። ሐረር ላይ ግማሽ ቀን የተረፈው እንግዳ የት እንደሚሄድ መቼም የታወቀ ነው። ከፈረስ መጋላ ተነስቼ፣ ከልብስ ሰፊዎቹ የስፌት መኪና ድምፅ ስሙን ባገኘው በመኪና ግርግር በኩል አድርጌ፣ በጁገል ጠባብ መንገዶች እየተጠማዘዝኩ «የራምቦ ቤት» ከሚባለው ባለ ፎቅ ሕንፃ ደረስኩ።

ራምቦ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ጡንቻው የፈረጠመውን የፊልም ተዋጊ ነው። የሐረሩ ራምቦ ግን ከሲታ ፈረንሳዊ ነጋዴ ነበር፤ ከነጋዴነቱ በፊት ደግሞ የፈረንሳይን ግጥም መልክ የቀየረ ልጅ። በግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ፎቶግራፎች እየተመለከትኩ ሳለ በእኔ ዕድሜ ያለ፣ አለባበሱ የተማረ ሰው የሚመስል ጎብኚ ወደ ጓደኞቹ ጠጋ ብሎ ሰውዬው የሞተው በቂጥኝ ነው አላቸው። ተሳሳቁና ወደ ሌላው ክፍል አለፉ።

እኔ ግን ባለሁበት ቀረሁ። የሕግ ትምህርት አንድ መጥፎ ልማድ ያስይዛል፤ ማስረጃ ሳይቀርብ ፍርድ ሲሰጥ ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም። ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ የሆነው ሰው ጠበቃ ማቆም አይችልም፤ ይግባኝም የለውም። ለነገሩ ያ ቤት ራሱ የራምቦ አልነበረም፤ እሱ ከሞተ በኋላ አንድ ህንዳዊ ነጋዴ ያሠራው ነው። ቤቱ በወሬ ከተሰጠው አሟሟቱስ በወሬ የተሰጠው ቢሆንስ? አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ ስለ ሰውዬው የተጻፈውን ማገላበጥ ጀመርኩ። ያገኘሁትን ላካፍላችሁ። ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አርተር ራምቦ የተወለደው ጥቅምት 20 ቀን 1854 በሰሜን ምሥራቅ ፈረንሳይ፣ ለቤልጂግ ድንበር በቀረበችው የሻርልቪል ከተማ ነው። አባቱ የጦር መኮንን ነበር፤ ልጁ ስድስት ዓመት ሳይሞላው ቤተሰቡን ትቶ ሄደ፤ አልተመለሰም። እናቱ ጥብቅና ኮስታራ ሴት ነበረች። ልጆቹን በቤተ ክርስቲያን ሥርዓትና በቁጥጥር አሳደገች። አርተር በትምህርት ቤት ሽልማት የሚሰበስብ ጎበዝ ተማሪ ነበር፤ ነገር ግን ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ከቤት እየጠፋ ማስቸገር ጀመረ።

በ1871፣ ገና 17 ዓመት እንኳ ሳይሞላው፣ ግጥሞቹን በጊዜው ስም ለነበረው ገጣሚ ለፖል ቬርሌን ላከ። ቬርሌን ወደ ፓሪስ ጠራው። ከዚያ በኋላ የሆነው ብዙ ተወርቶለታል። በሁለቱ መካከል የነበረው የፍቅርና የጠብ ግንኙነት በሐምሌ 1873 ብራስልስ ውስጥ በተኩስ ተደመደመ፤ ቬርሌን የራምቦን የእጅ አንጓ በሽጉጥ አቆሰለና ወህኒ ወረደ። ልጁ በዚያው ዓመት «በገሃነም አንድ ወቅት» የተባለውን መጽሐፉን አሳተመ። 21 ዓመት ገደማ ሲሆነው ግን ግጥም የሚባለውን ነገር እርግፍ አድርጎ ተወ። የዓለም ሥነ ጽሑፍ እስከ ዛሬ የሚመራመርባቸውን ሥራዎች የጻፈው በአምስት ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ ነው።

ከዚያ ወዲያ እግሩ ወደ መራው የሚጓዝ ሰው ሆነ። በ1876 ለደች የቅኝ ግዛት ጦር ተቀጥሮ ጃቫ ድረስ ሄደ፤ እዚያ እንደደረሰ ከድቶ ጠፋ። ቆጵሮስ ውስጥ የድንጋይ ካባ ተቆጣጣሪ ሆኖ ሠራ። በ1880 ክረምት ኤደን ገብቶ ባርዴ በሚባሉ ፈረንሳዊ ነጋዴዎች ኩባንያ ውስጥ ቡና ማዘጋጀቱን የሚከታተል ሠራተኛ ሆነ። ኩባንያው በዚያው ዓመት ሐረር ላይ ቅርንጫፍ ሲከፍት ራምቦ ተመደበ። ከዘይላ ተነስቶ የሶማሌን በረሃ በፈረስ ሃያ ቀን ተጉዞ በታኅሣሥ 1880 ሐረር ገባ። 26 ዓመቱ ነበር።

ያኔ ሐረር በግብፆች እጅ ነበረች፤ ከ1875 ጀምሮ አምስቱን በሮች የሚጠብቀው የግብፅ ጦር ነው። ከተማዋ ቡና፣ ቆዳ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ የሚገበያይባት፣ ሐረሪው፣ ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ ዓረቡ፣ አርመኑና ግሪኩ የሚተራመስባት ነበረች። ራምቦ ገበያው ውስጥ ገባ፤ ቋንቋዎቹንም ለመደ። ሐረርም ያን ጊዜ ያተረፈችለት ገንዘብ ብቻ አልነበረም።

በየካቲት 1881 ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ አንድ በሽታ እንደያዘው፣ በሽታው በራሱ ያን ያህል አስጊ እንዳልሆነ፣ የአገሩ አየር ግን ለማንኛውም ሕመም የማይታመን መሆኑን ገልጿል። የበሽታውን ስም አልጠቀሰም። ለዚያች ኮስታራ እናት ሊጠቅስም አይችልም ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ አሠሪው አልፍሬድ ባርዴ ሐረር መጣ። ባርዴ ኋላ በጻፈው ትዝታው ራምቦ ቂጥኝ ይዞት እንደነበረ፣ ምልክቱም አፉ ውስጥ በግልጽ ይታይ እንደነበረ፣ በመመገቢያ ዕቃ ምክንያት ባልደረቦቹን እንዳይበክል ራሱ ይጠነቀቅ እንደነበረ መስክሯል።

በዚህ ምስክርነት ላይ ቆም እንበል። ምስክሩ ሐኪም አይደለም፤ ነጋዴ ነው። የደም ምርመራ በዓለም ላይ ገና አልነበረም። የቂጥኝ አምጪ ባክቴሪያ በጀርመናውያኑ ሻውዲንና ሆፍማን የተለየው በ1905 ነው፤ የዋሰርማን የደም ምርመራ የመጣው በ1906። ስለዚህ በወንጀል ችሎት ቋንቋ ብንናገር ጉዳዩ ከጥርጣሬ በላይ አልተረጋገጠም። ቢሆንም የምስክሩ ቃል ከበሽታው ጠባይ ጋር ይገጥማል።

ቂጥኝ ከተጋለጡ ከ10 እስከ 90 ቀን፣ አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ሳምንት ገደማ፣ ባክቴሪያው በገባበት ቦታ አንድ ቁስል ያወጣል። ቁስሉ አያምም። ይህ ነው የበሽታው ተንኮል። በሴት ማህፀን በር ወይም በአፍ ውስጥ ከሆነ ጨርሶ ላይታይ ይችላል። ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ያለ መድኃኒት ይድናል፤ ሰውዬውም ዳንኩ ብሎ ያመሰግናል። ባክቴሪያው ግን በደም ውስጥ ተሰራጭቷል። ከሳምንታት ወይም ከጥቂት ወራት በኋላ ትኩሳት፣ የንፍፊት እብጠት፣ የእጅ መዳፍንና የእግር መርገጫን ሳይቀር የሚይዝ ሽፍታ፣ የአፍ ውስጥ ቁስል ይመጣል። ባርዴ በራምቦ አፍ ውስጥ አየሁ ያለው ከዚህ ደረጃ ጋር የሚስማማ ነው። ይህም በራሱ ጊዜ ይጠፋል። ከዚያ በሽታው ለዓመታት ይደበቃል፤ ካልታከሙት ሰዎች በከፊሉ ላይ ከ10 እስከ 30 ዓመት ቆይቶ ልብን፣ የደም ሥርን፣ አጥንትን ያጠቃል። አንጎልን፣ ዓይንንና ጆሮን ግን በየትኛውም ደረጃ ሊጎዳ ይችላል። ሌሎች በሽታዎችን ስለሚመስል ሐኪሞች አስመሳዩ በሽታ ይሉታል።

ራምቦ በዘመኑ የሚያድነው መድኃኒት አልነበረም። የአውሮፓ ሐኪሞች የሚሰጡት ባዜቃ፣ ማለትም ሜርኩሪ ነበር፤ ጥርስ የሚያረግፍ፣ ኩላሊት የሚጎዳ መርዝ። ሳልቫርሳን የተባለው የኤርሊክ መድኃኒት የወጣው በ1910፣ ፔኒሲሊን ለቂጥኝ መዋል የጀመረው በ1943 ነው።

ወደ ሰውዬው እንመለስ። በ1881 መጨረሻ ሐረርን ለቀቀ፤ በ1883 ተመለሰ። ካሜራ አስመጥቶ ከተማዋንና ራሱን ፎቶ አነሳ። ስለ ኦጋዴን የጻፈው ዘገባ በ1884 በፓሪስ የጂኦግራፊ ማኅበር ታተመ። ግብፆች ለመውጣት ሲዘጋጁ ቅርንጫፉ ተዘጋና ወደ ኤደን ሄደ። እዚያም ከአንዲት ሐበሻ ሴት ጋር በአንድ ቤት ኖረ፤ ኋላም ተለያዩ። የሕይወት ታሪኩን የሚያነብ ሰው ስለ አለባበሷና ስለ ዝምታዋ የተጻፈ ነገር ያገኛል። ስለ ጤናዋ ግን የሚያገኘው እምብዛም ነው። ስለ እሱ ጉልበት፣ ስለ እሱ አፍ፣ ስለ እሱ ደም መጻሕፍት ተጽፈዋል። ባርዴ እውነቱን ከሆነ ከሁሉ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ግን የሷ ነገር ነበር። ወደዚህ ነጥብ እመለስበታለሁ።

በ1885 ራምቦ የጦር መሣሪያ ለሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ለመሸጥ ተዋዋለ። ሸሪኩ ላባቱ ታሞ ሞተ፤ ሊተካው የነበረው ሶሌይም ሞተ። ራምቦ ብቻውን ቅፍለቱን እየመራ በ1886 መገባደጃ ከታጁራ ተነሳና አፋርን አቋርጦ በየካቲት 1887 ሸዋ ገባ። ምኒልክ በጥር ወር በጨለንቆ ድል አድርገው ሐረርን ይዘው ነበር። ጠመንጃዎቹን ራምቦ ካሰበው እጅግ ባነሰ ዋጋ ገዙት፤ የሟቹንም ዕዳ ቀነሱበት። የቀረውን ገንዘብ ሐረር ላይ ከመኮንን እንዲቀበል ተላከ።

በ1888 ለሦስተኛ ጊዜ ሐረር ተመለሰ፤ አሁን በራሱ ስም የንግድ ቤት ከፈተ። ኋላ ራስ ከሆኑት ከሐረር ገዢ ከመኮንን ጋር ይግባባ ነበር። ጃሚ የሚባል ታማኝ አገልጋይ ነበረው። ሦስት ዓመት እንዲህ ኖረ። ፓሪስ ውስጥ ስሙ እየገነነ ሲሄድ እሱ ቡናና ሸቀጥ ይመዝን ነበር።

በየካቲት 1891 ቀኝ ጉልበቱ አበጠ። የደም ሥር መወጠር መስሎት እናቱ ለእግሩ የሚሆን ካልሲ እንድትልክለት ጻፈ። ሕመሙ ግን ባሰ፤ መራመድ አቃተው። ሱቁን በኪሳራ ዘጋና በራሱ ንድፍ ቃሬዛ አሠራ። ሚያዝያ 7 ቀን አሥራ ስድስት ተሸካሚዎች ተሸክመውት ከሐረር ወጣ፤ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል በረሃ በዝናብና በፀሐይ ተጉዞ ዘይላ ደረሰ። ከኤደን በመርከብ ማርሴይ ገባና በግንቦት 27 በኮንሴፕሲዮን ሆስፒታል ቀኝ እግሩ ተቆረጠ። ራስ መኮንን ደህንነቱንና መመለሱን የሚመኝ ደብዳቤ ላኩለት። እሱም እስከ መጨረሻው ወደ ሐረር ስለመመለስ ያስብ ነበር። ኅዳር 10 ቀን 1891፣ በ37 ዓመቱ፣ እህቱ ኢዛቤል አልጋው አጠገብ እያለች ሞተ። ለጃሚ ገንዘብ ተናዝዞለት ነበር።

የሞተበት ምክንያትስ? በሆስፒታሉ መዝገብ የሰፈረው በሰውነቱ የተሰራጨ ካንሰር ነው። ዛሬ ጉዳዩን የሚመረምሩ ባለሙያዎች አብዛኞቹ የአጥንት ካንሰር ነው ይላሉ። ቂጥኝ አጥንትና መገጣጠሚያ ሊያጠቃ ስለሚችል አንዳንድ ጸሐፊዎች ጠርጥረዋል፤ ነገር ግን በጥቂት ወራት ውስጥ ያበጠ፣ ከተቆረጠም በኋላ ወደ ሌላው አካል የተዛመተ ዕጢ የካንሰር ጠባይ ነው። ስለዚህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው፤ ቂጥኝ ይዞት እንደነበረ ቀጥተኛ የዓይን ምስክር አለ፤ በቂጥኝ ሞተ ለማለት ግን ማስረጃ የለም።

ታዲያ ወሬው ለምን አልሞተም? ምክንያቱም ቂጥኝ በእኛ ቋንቋ የበሽታ ስም ብቻ ሆኖ አልቀረም። «ቂጥኛም» ስድብ ነው። ወባ የያዘውን ሰው በበሽታው ስም አንሰድበውም። ቂጥኝ የያዘው ግን ከሕመምተኝነቱ በፊት ተከሳሽ ነው። ተከሳሽ ደግሞ ይደበቃል። አበው በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ያሉት ለዚህ ይመስለኛል።

የሚያስቆጨው ነገር ዛሬ መድኃኒቱ በእጃችን መሆኑ ነው። በመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች ያለ ቂጥኝ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን በተባለ መድኃኒት፣ 2.4 ሚሊዮን ዩኒት በአንድ ጊዜ በጡንቻ በሚሰጥ መርፌ ይድናል። ከዓመት በላይ የቆየ ወይም መቼ እንደያዘ የማይታወቅ ከሆነ በየሳምንቱ አንድ ጊዜ፣ በድምሩ ሦስት ጊዜ ይሰጣል። አንጎልን ወይም ዓይንን ከነካ ሆስፒታል ተኝቶ መታከም ያስፈልጋል። ከ80 ዓመት በላይ አገልግሎ ባክቴሪያው እስካሁን ፔኒሲሊንን አልተላመደም። ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው ነፍሰ ጡር ካልሆነች በስተቀር ሐኪም ሌላ መድኃኒት ሊያዝለት ይችላል። መርፌው በተሰጠ በመጀመሪያው ቀን ትኩሳትና ራስ ምታት ሊመጣ ይችላል፤ ያልፋል። ከመድኃኒት ቤት ተገዝቶ በግምት የሚዋጥ እንክብል ግን ምልክቱን አደብዝዞ በሽታውን ሊተወው ይችላል። መርፌው የገባውን ባክቴሪያ ይገድላል እንጂ ቀድሞ የደረሰውን ጉዳት አይመልስም፤ ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ማለት እዚህ ላይ ነው። የዳነ ሰውም እንደገና ሊያዝ ይችላል።

ራምቦ ሳህንና ኩባያ ሲጠነቀቅ በዘመኑ እውቀት የሚችለውን ማድረጉ ነበር። ዛሬ የምናውቀው ባክቴሪያው ከሰውነት ውጭ ብዙም እንደማይቆይ ነው፤ በገበታ፣ በመጸዳጃ ቤት መቀመጫ ወይም በመጨባበጥ አይተላለፍም። የሚተላለፈው ቁስሉን በቀጥታ በመንካት፣ በተለይም በግብረ ሥጋ ግንኙነት፣ ከእናት ደግሞ በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ጽንስ ነው። ኮንዶም አደጋውን በእጅጉ ይቀንሳል፤ የማይሸፍነው ቦታ ላይ ቁስል ካለ ግን ሙሉ ዋስትና አይሆንም። ቁስሉ ኤች.አይ.ቪ. የመያዝን ዕድልም ይጨምራል።

አሁን ወደ ኤደኗ ሴት ልመለስ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ከ15 እስከ 49 ዓመት ያሉ 8 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በዓለም ዙሪያ በቂጥኝ እንደተያዙ ገምቷል። ያልታከመች ነፍሰ ጡር ጽንሱ ሊሞትባት፣ ሕፃኑም ሞቶ ወይም ታሞ ሊወለድባት ይችላል። በአገራችን በእርግዝና ክትትል የቂጥኝ ምርመራ ከኤች.አይ.ቪ. ጋር ይደረጋል። ብዙ ባሎች ሚስታቸውን እስከ ጤና ጣቢያው በር ሸኝተው መኪና ውስጥ ጋዜጣ ያነባሉ፤ ስለ ቂጥኝ ምርመራው ሰምተውም አያውቁም። ውጤቱ ቂጥኝ አለ ሲል ግን ሚስት ብቻ መርፌ ወግታ ብትመለስ ከባሏ እንደገና ትያዛለች። ሁለቱም መታከም አለባቸው፤ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስም ከግንኙነት መታቀብ ይኖርባቸዋል። ባለፉት ሦስት ወራት ግንኙነት የነበረው ሌላ ሰው ካለም ምልክት ባይኖረው እንኳ ሊነገረውና ሊታከም ይገባል።

እዚህ ላይ ሕግ የሚለው አለ። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው የወንጀል ሕጋችን ተላላፊ በሽታን አውቆ ማስተላለፍን ያስቀጣል፤ የሕመምተኛን ምስጢር ያወጣ ባለሙያንም ያስቀጣል። ሁለቱ ድንጋጌዎች አብረው ሲነበቡ ትርጉማቸው ግልጽ ነው። ለሐኪም መንገር አያስፈራም፤ ለትዳር ጓደኛ አለመንገር ነው የሚያስፈራው። በሥራዬ ብዙ የፍቺ ፋይል አይቻለሁ። ከበሽታው ይልቅ ትዳሩን ያፈረሰው መደበቁ የሆነባቸው ጥቂት አይደሉም።

ራምቦ ቅዱስ አልነበረም። ግን በዚያ መድኃኒት በሌለበት ዘመን፣ ለእናቱ ስሙን ሊናገር ያፈረበትን በሽታ ለባልደረቦቹ ሲል ተጠንቅቆበታል። እኛ አንድ መርፌ የሚፈውሰውን በሽታ በየመኝታ ቤታችን ደብቀን በሙዚየም ውስጥ በሟች እንስቃለን።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ችሎት ስገባ ያ ሳቅ አብሮኝ ነበር። ሐረር የምትወርዱ ሁሉ የራምቦን ቤት እዩ፤ ፎቶግራፎቹን ተመልከቱ። ስለ አሟሟቱ የሚያንሾካሹክ ከገጠማችሁ ካንሰር ነው በሉት። ስለ ቂጥኝ ማውራት ካማረው ደግሞ ከሚስቱ ጋር ሄዶ ይመርመር።

ቸር እንሰንብት።